የጓሮ ጥያቄዎቻችሁ፦ ቅጠሏ አምሮ አበባ እምቢ ያለች ጃስሚን

ባለፈው እትም ስለ ግቢ አጥር ስጽፍ በሁለት መስመር ብቻ ነጯን ጃስሚን ጠቅሼ አልፌ ነበር፣ ያቺን ማታ ማታ ግቢውን የምታውደውን አረቦቹ ፉል የሚሏትን፣ ከዛ ወዲህ የመጣልኝ ጥያቄ ግን ስለ አጥሩ ሳይሆን ስለሷ ሆነ። ደስ ብሎኛል። እኔ ይቺን ተክል ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቃት፣ እናቴ ማታ የፈኩትን አበቦች ጠዋት ከመሬት ለቅማ ትራሷ ስር ታረጋቸው ነበር፣ ስለዚ ዛሬ ዓምዱን በሙሉ ለሷ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም እንዳይወጣ ያላችሁኝን ደሞ የማንንም ስም አላወጣሁም።

ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

አቦ እትዬ እስቲ አንድ ነገር በይኝ፣ ጃስሚን ከተከልኩ ሶስት ዓመት ሞላኝ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ እስከ አጥሩ ጫፍ ደርሷል አበባ ግን በዓመት አንዴ አምስት ስድስት ቢያወጣ ነው። በየቀኑ ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ በየወሩ የፍየል ፍግ አረግለታለሁ፣ ፀሐዩ እንዳያቃጥለው ብዬ ማንጎው ስር ነው የተከልኩት፣ መቀስ ደሞ አስነክቼው አላውቅም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ ወንድሜ የጎደለው ነገር የለም፣ በዝቶበት ነው። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት ምክንያቱም በዚህ ወር ከመጡልኝ ጥያቄዎች ግማሹ ያንተው ነው ማለት ይቻላል፣ ሰው ተክል ሲወድ ጥላ ይፈልግለታል ውሃ ያበዛለታል ፍግ ይጨምርለታል ለመቁረጥ ደሞ አንጀቱ አይችልም፣ ይቺ ተክል ግን በአራቱም ነው አበባዋን የምትነሳህ።

ከጥላው ልጀምር። ጃስሚን በደንብ የምታብበው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ካገኘች ነው፣ ማንጎ ደሞ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይራገፍ ድፍን ያለ ጥላ ነው ያለው፣ እዛ ስር አትሞትም ግን ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ትሳባለች፣ አጥሩ ጫፍ ደረሰ ያልከኝ ይሄ ነው። የድሬ ፀሐይ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፣ ከተማው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብቻ ያለ ቆላ ነው ቀልድ አይደለም፣ ግን ይቺ ልጅ የመጣችው ከሕንድና ከዛ ወዲህ ወዲያ ካለው ሞቃት አገር ነው፣ ሥሯ ላይ ጥሩ ጉዝጓዝ ካለ ፀሐዩን ትችለዋለች። ካገኘህ ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ግድግዳ አጠገብ አርጋት፣ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠግባለች ከዛ በኋላ ያለውን ክፉውን ሰዓት ግድግዳው ይከልላታል። ማዛወሩ ከከበደህ ደሞ የማንጎውን የታችኞቹን ቅርንጫፎች አንሳላት፣ ሙሉ ባይሆንም ለውጡን ታየዋለህ።

ውሃው ላይ፣ በየቀኑ ማታ ትንሽ ትንሽ ማርከፍከፍ ሥሯን ላይ ላዩን ያስቀራታል፣ ከዛ አንድ ቀን ውሃ ሲቋረጥ መቋቋም አትችልም። መሬት ላይ የተተከለችና የቆየች ከሆነች በሳምንት ሁለቴ ጠዋት ላይ እስኪጠልቅ ማጠጣት ይበቃታል፣ ጣትህን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተት፣ እርጥብ ከሆነ ተዋት። ፍጉ ደሞ ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ሲበዛ ተክል ሁሉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፣ የፍየል ፍግ ከላም ፍግ ደሞ ጠንከር ይላል። ሙሉ በሙሉ አትከልክላት ግን በዓመት ሁለቴ፣ በደንብ የበሰበሰ፣ አንድ ሁለት አካፋ በቂ ነው፣ ከግንዱ ራቅ አርገህ ዙሪያውን። ዩሪያ ደሞ በጭራሽ እንዳትጨምርባት።

ዋናው ነገር ግን መቀሱ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ። የጃስሚን አበባ የሚወጣው አዲስ በበቀለ ለጋ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው፣ ያረጀው እንጨት ላይ አይወጣም። ሶስት ዓመት ሙሉ ሳትቆረጥ የቆየች ተክል አብዛኛው ሰውነቷ አሮጌ እንጨት ሆኗል፣ ለጋው ያለው አጥሩ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ አምስት ስድስቷም አበባ እዛው ጫፍ ላይ እንደምትወጣ ሳላይ መናገር እችላለሁ። ሕንድ ውስጥ አበባውን ለገበያ የሚያመርቱ ገበሬዎች ኅዳር አካባቢ ብርዱ ሲገባ ውሃ ይቀንሱና ቁጥቋጦውን በሙሉ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቆርጡታል፣ ከዛ ፍግና ውሃ ሲሰጡት ሙቀቱ ሲመለስ በአበባ ይሸፈናል። አንተም እንደሱ አርግ፣ ኅዳር መጨረሻ ወይ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ የደረቀውንና እርስ በርሱ የተቆላለፈውን ከሥሩ አውጣ፣ የቀረውን ጉልበትህ ድረስ አውርደው። ያኔ ያሳዝናል፣ እኔ የመጀመሪያዋን ስቆርጥ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር ሳምንት ሙሉም ገደልኳት ብዬ ተጨንቄያለሁ፣ በሶስተኛው ሳምንት ግን ከየአንጓው ጥንድ ጥንድ ለጋ ቅጠል ወጣ፣ ወር ተኩል ገደማ ሲሆን ጫፉ ላይ እንቡጥ።

ከዛ በኋላ በዓመት አንዴ ብቻ አይደለም፣ አንድ ዙር አብባ ስትጨርስ የደረቀውን የአበባ ዘለላ ከሥሩ ካሉት አንድ ሁለት ጥንድ ቅጠሎች ጋር ቀንጥሰው፣ ከሥሩ ሁለት አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል፣ ሁለቱም አበባ ይይዛሉ። የድሬ ሙቀት እያለ በዓመት ብዙ ዙር ልታብብልህ ትችላለች።

ከፊኒክስ፣ አሪዞና

ሰላም፣ የእኔ ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ ነው። ውሃ አንሷት ነው ብዬ ጨመርኩላት ባሰባት። ባለቤቴ የቡና አተላ አርጊባት ይለኛል፣ እህቴ ደሞ አመድ ትላለች። እዚህ በጋ ላይ በፋራናይት 110 ያልፋል።

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ቅጠሉን ጠጋ ብለሽ እዪልኝ፣ ቢጫ ሁሉ አንድ አይደለም። ከታች ያሉት ያረጁት ቅጠሎች ናቸው ሙሉ በሙሉ ቢጫ የሆኑት? እሱ ምግብ ማነስ ነው። ሁሉም በአንዴ ደብዝዞ እየተራገፈ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ውሃ በዝቶ ሥር እያፈነ ነው። ጫፍ ላይ ያሉት አዳዲሶቹ ቢጫ ሆነው ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ እንደ መረብ የሚታይ ከሆነ ግን የብረት እጥረት ነው፣ በፊኒክስ አፈር ላይ ደሞ እኔ ሳላየው የምጠረጥረው ይሄን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ግን የናንተ አፈር ኖራ የበዛበት አልካላይን ነው፣ እዛ ውስጥ ብረቱ ይታሰርና ሥሯ መውሰድ ያቅተዋል። ይሄ የድሬዳዋ አንባቢዎቼንም ይመለከታል፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዛ የቆመው የኖራ ድንጋይ ስላለ ነው፣ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም ከዚሁ ነው፣ በዛ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ስታጠጧት ኖራውን እየጨመራችሁባት ነው።

ስለዚ አመድ አይሆንም፣ እህትሽ ፍቅሯ ነው ግን አመድ ራሱ እንደ ኖራ ነው የሚሠራው ችግሩን ያብሰዋል። የቡና አተላ ክፋት የለውም፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አሲድ አይደለም፣ አሲዱ አብዛኛው ከቡናው ጋር ተጠጥቷል፣ ሥሯ ላይ በወፍራሙ ከደፋሽው ደሞ ይጋገርና ውሃ አያሳልፍም፣ ኮምፖስት ውስጥ ከቅጠላ ቅጠል ጋር አበስብሺው። የሚሠራልሽ አይረን ኪሌት ነው፣ አፈሩ እንዳያስረው ተደርጎ የተሠራ ብረት ማለት ነው፣ ሱቅ ስትሄጂ ኢ.ዲ.ዲ.ኤች.ኤ የሚለው ዓይነት መሆኑን እዪ፣ ሌሎቹ እንደናንተ ባለ አፈር ላይ ቶሎ ይፈርሳሉ። ማሸጊያው ላይ ባለው ልክ አርገሽ ሥሯ ላይ አጠጪ፣ የሚወጡት አዲስ ቅጠሎች አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ቢጫ የሆኑት አሮጌዎቹ ላይመለሱ ይችላሉ አትጨነቂ። ከዛ በዓመት በዓመቱ ኮምፖስት።

ለፀሐዩ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የግድ ነው እናንተ ጋ፣ የቤቱ ምሥራቅ በኩል አርጊያት። ክረምታችሁ ላይ ደሞ ውርጭ የሚመጣበት ሌሊት ካለ ማታ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኛት ጠዋት ግለጪላት፣ ጫፏ ቢጠቁር እንኳን ብርዱ እስኪያልፍ አትቁረጪያት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ ምክንያቱም ከአሜሪካ የጻፉልኝ ሶስት ሰዎች ተሳስተው ገዝተዋል። ስታር ጃስሚን ተብላ የምትሸጠው ጃስሚን አይደለችም፣ ስትቆረጥ ነጭ ወተት ታወጣለች፣ መዓዛዋ ጥሩ ነው ግን ሌላ ተክል ናት፣ እሷን ብትይዢ ችግር የለም። ቢጫ አበባ ያላት ካሮላይና ጄሳሚን የሚሏት ግን ሁለመናዋ መርዝ ነው፣ ልጅ ያለበት ቤት ባትኖር ይሻላል። አንቺ የምትፈልጊያት አረቢያን ጃስሚን ወይ ሳምባክ የሚል የተጻፈባትን ነው።

ከባህር ዳር

አክስቴ ግቢ የሚያምር ጃስሚን አለ፣ ቅርንጫፍ ቆርጬ ሶስት ጊዜ አፈር ውስጥ ሰካሁ ሶስቴም ደረቀብኝ። ዘር ፈልጌም አጣሁ።

መልስ፦ ዘር አትፈልግ፣ ይቺ ጃስሚን ዘር አታፈራም ማለት ይቻላል፣ በተለይ እንደ ትንሽ ጽጌረዳ ድርብርብ የሆነችው፣ ዓለም ላይ ያለችው በሙሉ ከእጅ ወደ እጅ በቅርንጫፍ የተዛመተች ናት። ሲደርቅብህ ምክንያቱ ይታወቃል፣ ሥር የሌለው ቅርንጫፍ በቅጠሉ በኩል ውሃ እያጣ በሥሩ አይተካም፣ ስለዚ ሥራው በሙሉ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ቅጠሉን እንዳይደርቅ መጠበቅ ነው።

ጠዋት በማለዳ ሂድ፣ አበባ ያልያዘ፣ በጣም ለጋም ያልሆነ ያልደረቀም ቅርንጫፍ ፈልግ፣ ስታጥፈው ትንሽ እንቢ የሚል ቆዳው ከአረንጓዴ ወደ ቡኒ መሄድ የጀመረ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ይሁን፣ ሶስት አንጓ ይኑረው፣ የታችኛውን ቁርጥ ከአንጓው ሥር ትክክል አርገህ ቁረጥ ምክንያቱም ሥሩ የሚወጣው ከአንጓው ነው። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሳ፣ ላይ ያሉትን ሁለቱን ቅጠሎች ደሞ በመቀስ ግማሽ ግማሽ አርጋቸው። አፈሩ የወንዝ አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት እኩል በእኩል፣ የግቢህን አፈር ብቻ አትጠቀም፣ በተለይ መረሬ ከሆነ ያበሰብሰዋል። ሁለቱ አንጓ እስኪቀበር ሰክተህ በጣትህ ጠቅ ጠቅ አርገው፣ አጠጣ፣ ከዛ ታችኛው የተቆረጠ ሃይላንድ ድፋበት፣ ክዳኑን ክፍት ተወው እንዲተነፍስ። ጥላ ስር ይቀመጥ፣ ብርሃን ያለው ግን ፀሐይ የማያገኘው። አንድ ብቻ አትስካ፣ አስር ስካ፣ ሰባት ከያዘልህ ጥሩ ነው። በየቀኑ እየነቀልክ ሥር አወጣ ወይ ብለህ እንዳታይ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፣ አዲስ ቅጠል ሲወጣና ቀስ አርገህ ስትስበው እንቢ ሲልህ ያዘ ማለት ነው።

ወሩ እናንተ ጋ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መግቢያ ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ ገና አለ አየሩም እርጥበት ይዟል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ይዘገያል፣ ያንተም ሶስቴ የደረቀው ምናልባት በጋ ላይ ሳይሸፈን ስለሰካኸው ይሆናል።

አክስትህ ፈቃደኛ ከሆኑ ደሞ ከዚህም የቀለለ አለ፣ እኔ ለሰው የምሰጠውን አብዛኛውን የማዘጋጀው እንደዚህ ነው። መሬት የቀረበ ቅርንጫፍ ጎንበስ አርገህ፣ አንጓው ሥር ቆዳውን ትንሽ ፋቅ ፋቅ አርገህ፣ አምስት ሴንቲ ያህል አፈር አልብሰው ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንበት፣ ጫፉ ውጪ ይቅር። እናቱ እየመገበችው ስለሆነ አይደርቅም፣ ከሁለት ሶስት ወር በኋላ ሥር አውጥቶ ታገኘዋለህ ያኔ ከእናቱ ቆርጠህ ትወስዳለህ። ስትተክል ደሞ መሬቱ ውሃ የሚያቁር ከሆነ 20 ወይ 30 ሴንቲ ከፍ አርገህ አፈር ቆልለህ እዛ ላይ ትከል፣ በክረምት ውሃ ውስጥ የቆመ ሥር አይተርፍም።

ከአዳማ

ጃስሚን ብለው ሸጡልኝ፣ ቀን ምንም አይሸትም ማታ ግን መኝታ ቤት ድረስ ገብቶ ራስ ያሳምመኛል። አበባው ቀጭን ነው ነጭ ፍሬም አፍርቷል። የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ።

መልስ፦ እባክሽ ዛሬውኑ ልጅሽን ከዛ ተክል አርቂያት። የገለጽሽልኝ ጃስሚን ሳይሆን ሴስትረም የሚባለው የሌሊት ጃስሚን እያሉ የሚሸጡት ነው፣ የመጣው ከሜክሲኮና ከካሪቢያን በኩል ሲሆን ዘመዶቹ እነ አስተናግር ናቸው፣ ቅጠሉም ፍሬውም መርዝ አለው፣ ነጯ ፍሬ ደሞ ለሕፃን ከረሜላ ነው የምትመስለው። እኔንም ከዓመታት በፊት አንድ ችግኝ መሸጫ እንደዚሁ ብሎ ሸጦልኝ ዓመት ሙሉ ጃስሚን ነው ብዬ ተንከባክቤዋለሁ፣ ያኔ ግቢዬ ውስጥ ልጅ አለመኖሩን ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል።

ለወደፊቱ መለያው ቀላል ነው። ጃስሚን ሳምባክ ቅጠሎቿ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት፣ አንዳንዴ ሶስት ሶስት፣ ሴስትረም ግን አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ እየተፈራረቀ ነው። የጃስሚን አበባ ነጭ ሰፋ ያለ ነው፣ የሱ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቀጭን ቱቦ ነው። ፍሬ በብዛት ካየሽ ደሞ ሳምባክ አይደለችም። ስትነቅይው ጓንት አርጊ፣ ፍሬውን ለቅመሽ አስወግጂ፣ ማገዶም አታርጊው ከብትም አይብላው። ልጅቷ ቀምሳው ከሆነ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቂ ቅርንጫፉን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ከአዲስ አበባ፣ አያት

እዚህ ይበቅላል?

መልስ፦ ይበቅላል፣ ግን እንደ ድሬ አትጠብቂ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዝም ትላለች። በትልቅ ማሰሮ ይዘሻት ቀን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር አርጊያት፣ ግድግዳው ማታ ሙቀቱን ይመልስላታል፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ አበባ ታያለሽ። እኔን ብትሰሚኝ ግን ደጋ ላይ ላለ ግቢ ጠንበለልን ትከዪ፣ የራሳችን አገር ጃስሚን ናት፣ ደጋና ወይና ደጋ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የምትጠመጠም ነጭ አበባዋ መዓዛው ከሩቅ የሚጠራ፣ ብርዱን ለምዳዋለች። ወይራም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። እኛ ከውጪ የመጣውን ስንፈልግ እሷን እየረሳናት ነው፣ ችግኝ ጣቢያ ስትሄዱ ስሟን ጠርታችሁ ጠይቁ፣ ካልተጠየቀች ማንም አያፈላላትም።

ከጅዳ

እህቴ የምሠራበት ቤት ግቢ ፉል አለ፣ እንደ ምንበላው ፉል ነው ስሙ ግን አበባ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ ሥራ ስጨርስ እሱ ጋ ነው የምቀመጠው። አሁን ወደ ኮምቦልቻ ልገባ ነው፣ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤው ብመጣ ለእናቴ ግቢ ይያዛል?

መልስ፦ ደብዳቤሽን ሳነብ አልቅሻለሁ። እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ።

ቅርንጫፉን ግን አታምጪው፣ ልቤ እያዘነ ነው የምልሽ። ተክል ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድና ከተነሳበት አገር የጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፣ ኤርፖርት ላይ ሊወሰድብሽ ይችላል፣ እሱ ብቻ ቢሆን ባልከለከልኩሽ፣ ቅጠሉ ጀርባ ላይ በዓይን የማይታይ እንቁላል ወይ አፈሩ ውስጥ ሥር የሚበላ ትል ይዞ ከመጣ የእናትሽን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ሎሚና ቲማቲም ጭምር ነው የሚጎዳው። እምቦጭም እኮ አበባው ሐምራዊ ሆኖ ያምራል፣ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ የባህር ዳርና የጎንደር ገበሬ ምን እንዳየ ሁላችንም እናውቃለን።

ደግነቱ ያቺው ተክል እዚሁ አለች። በሳውዲዋ ጂዛን ውስጥ ለሠርግ የሚያደርጉት የአበባ ጉንጉን፣ የመንም ኤደንና ላሕጅ፣ ጅቡቲም መንገድ ላይ ሴቶች በክር ሰክተው የሚሸጡት ይቺው ናት፣ በምሥራቅ በኩል እኛ ጋም ለምዳለች። ድሬዳዋ ዘመድ ወይ ጓደኛ ካለሽ ችግኝ አስፈልጊ፣ ካጣሽ ደሞ ለመጽሔቱ ጻፊልኝ ከራሴ ሥር ያወጣች አንድ አቆይልሻለሁ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ይበቃታል። ለባህር ዳሩ ልጅ የጻፍኩትን አንብቢ፣ ስትተክዪያት ደሞ እናትሽ ማታ ቡና የሚያፈሉበት በረንዳ አጠገብ አርጊያት፣ የምትፈካው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወዲህ ስለሆነ ከዕጣኑ ጋር ትገናኛለች።

ከሐዋሳ

ቅጠሉ ላይ ጥቁር ጥላሸት የመሰለ ነገር አለ፣ ጉንዳንም ወጥሮ ይዞታል፣ ከእንቡጦቹ ደሞ አንዳንዶቹ ቀዳዳ አላቸው ሳይፈኩ ይወድቃሉ።

መልስ፦ ጉንዳኑን ተከተለው ሌባውን ያሳይሃል። ቅጠሉን ገልብጠህ እይ፣ ስትነካው ብን የሚል ነጭ ዝንብ ወይ አንጓው ላይ የተለጠፈ ጥጥ የመሰለ ነገር ታገኛለህ፣ እነሱ ጭማቂዋን ጠጥተው ጣፋጭ ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ፣ ጉንዳኑ ለሱ ነው የመጣው ጥላሸቱም እሱ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። ጠዋት በማለዳ በጎማ ውሃ የቅጠሉን ጀርባ ጠንከር አርገህ እጠብ፣ ከዛ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠህ እርጭ፣ በየአምስት ቀኑ ሶስት አራት ጊዜ ደጋግመው፣ ቀትር ላይ ግን አትርጭ ቅጠሉ ይቃጠላል። የኒም ፍሬ ካገኘህ ደሞ የተላጠውን 50 ግራም ወቅጠህ በአንድ ሊትር ውሃ ዘፍዝፈህ አሳድረው፣ አጥልለህ ማታ ላይ እርጨው፣ ድሬና አዋሽ በኩል ዛፉ በየመንገዱ ነው ፍሬውን ማንም አይከለክልህም። የተበሳውን እንቡጥ ትል ነው የሚበላው፣ በሐር መሳይ ክር እንቡጦቹን አያይዞ ውስጥ ይደበቃል፣ እየለቀምክ አቃጥለው መሬት ላይ አትጣለው።

ከእስራኤል፣ ነታንያ

ልጄ፣ የልጅ ልጄ የጃስሚን ሻይ ገዝታ አመጣችልኝ ወደድኩት። በረንዳዬ ላይ በማሰሮ ያለችኝ ጃስሚን አሁን አብባለች። ከሷ መሥራት እችላለሁ ወይ?

መልስ፦ እማማ ይችላሉ፣ ቻይኖቹ ፉጆ በሚባለው ከተማ አካባቢ ሻዩን የሚያዘጋጁት ከዚችው ከሳምባክ ነው። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር ያረጋግጡልኝ፣ እውነት ሳምባክ መሆኗን፣ ከላይ ለአዳማዋ እናት የጻፍኩትን መለያ የልጅ ልጅዎ ታንብብልዎ፣ ሁለተኛ ፀረ ተባይ መድኃኒት ያልተረጨባት መሆኑን። ከሱቅ በቅርቡ የተገዛች ከሆነች የዘንድሮውን አበባ ለመዓዛው ብቻ ይተዉትና ለሻይ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቁ።

አበባው የሚለቀመው ሳይፈካ ነው። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ በረንዳው ላይ ሲወጡ ዛሬ ማታ የሚፈኩትን ይለዩአቸዋል፣ ከሌሎቹ ይልቅ ወፈር ብለው ንጹሕ ነጭ ይሆናሉ፣ የነገዎቹ ገና አረንጓዴ ነገር አለባቸው። እነዛን ነጮቹን ይልቀሙ፣ አይጠቡአቸው። ከዛ ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አንድ ረድፍ ደረቅ ሻይ ቅጠል አንድ ረድፍ አበባ እያረጉ ይደርድሩ፣ ሁለት እጅ ሻይ ለአንድ እጅ አበባ፣ እነሱ አረንጓዴ ሻይ ነው የሚጠቀሙት ግን የኛው ጥቁር ሻይም መዓዛውን ይይዛል። ሳይጨብጡት ክዳኑን ገርበብ አርገው ያሳድሩት፣ ሌሊት አበቦቹ እዛው ውስጥ ይፈኩና መዓዛቸውን ለሻዩ ይሰጣሉ። ጠዋት አበቦቹን ለቅመው ያውጡ፣ እርጥበት ስላላቸው እዛው ከቆዩ ሻዩ ይሻግታል። ሻዩን ጥላ ላይ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ትንሽ ያናፍሱት፣ ማታ በሌላ ትኩስ አበባ ይድገሙት፣ እንደዚህ ሶስት ሌሊት። በአንድ ሌሊት ብቻ የተሠራውን ሲያፈሉት መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄድብዎታል፣ ሶስት ሌሊት ያደረው ግን ስኒው ውስጥ ይቆያል። ስኳሩን ቀነስ ያርጉት፣ ቅርንፉድና ቀረፋም አይጨምሩበት ይሸፍነዋል።